ደሴት ላይ አንድ ቀን፦ ከባሃማስ እስከ ንጋት ሐይቅ

ልጆችዎ ስልክ ላይ ያዩትን ቪዲዮ እያሳዩ «እኛስ መቼ ነው እዚህ የምንሄደው?» ብለው ሳይጠይቁዎት አልቀሩም። ነጭ አሸዋ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ፣ ከዳር ደግሞ እንደ ፎቅ የተነባበረ ግዙፍ መርከብ። ምናልባትም አሜሪካ ያለች አክስታቸው በእረፍቷ ጊዜ ከነልጆቿ ሄዳ የላከችው ፎቶ ይሆናል። የአዲስ አበባ ወላጅ ለዚህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት የሰጠው መልስ «ላንጋኖ እንሄዳለን» የሚል ነበር። አሁን ግን ሌላ ስም መነሳት ጀምሯል፦ ንጋት ሐይቅ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ ላይ አዲስ ሐይቅ ፈጥሯል። ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህም ከጣና ግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ውሃው ከፍ ሲል ሸለቆዎቹ ተሸፈኑ፣ የኮረብታዎቹ አናት ግን ደሴት ሆኖ ቀረ። የደሴቶቹ ቁጥር ከ70 በላይ እንደሆነ ሲነገር ሰምተው ይሆናል። ስለ ጀልባ፣ ስለ ሎጅ፣ ስለ አሳ ማጥመድም አብሮ ይወራል።

ስለዚህ «ቤተሰቤን ይዤ ደሴት ላይ አንድ ቀን ላሳልፍ» የሚለው ሐሳብ እንደ ድሮው የሩቅ ሕልም አይደለም። ግን አንድ ነገር ቀድመን እንወቅ። ፎቶው ላይ የሚታየው አሸዋውና ውሃው ነው፤ የቤተሰቡን ቀን ጥሩ የሚያደርገው ግን ፎቶው ላይ የማይታየው ዝግጅት ነው። ከሌሎች ልንቀዳው የሚገባም፣ ልንቀዳው የማይገባም ነገር አለ።

«የግል ደሴት» ምን ማለት ነው?

በካሪቢያን አካባቢ የሚጓዙ የመዝናኛ መርከብ ድርጅቶች የራሳቸው ደሴት አላቸው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ኖርዌጂያን የተባለው ድርጅት በባሃማስ የምትገኘውን ግሬት ስተራፕ ኬይ የተባለች ደሴት ሲገዛ ነው። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1998 ካስታዌይ ኬይን ከፈተ። ሮያል ካሪቢያን ደግሞ ኮኮኬይ የተባለችውን ደሴት እንደ አዲስ ሠርቶ፣ 41 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ መንሸራተቻ ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለእንግዶቹ አቀረበ።

ቀኑ የሚያልፈው እንዲህ ነው። መርከቡ ጠዋት ደሴቱ ጋ ይደርሳል። እያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ሲወርድ ካርዱ በማሽን ይነበባል፤ ሲመለስም እንደገና ይነበባል። ስለዚህ ደሴቱ ላይ ስንት ሰው እንዳለ በየደቂቃው ይታወቃል። መመለሻ ሰዓቱ ቁርጥ ነው። ለልጆች የሚሆን ጥልቀት የሌለው ቦታ በገመድና በተንሳፋፊ ምልክት ተከልሏል፣ የዋና ጠባቂዎች ቆመዋል፣ ላይፍ ጃኬት በነፃ ይሰጣል። ምሳው የመርከቡ ነው፤ ጥላ ያለበት የግል ጎጆና ትልቁ የውሃ መንሸራተቻ ግን ለብቻ ይከፈልባቸዋል።

ልብ ይበሉ፤ ከእነዚህ ነገሮች አብዛኞቹ ነጭ አሸዋ አይጠይቁም። ሰው መቁጠር፣ ገመድ መዘርጋት፣ ጠባቂ ማቆም፣ በልክ የተሰፋ ላይፍ ጃኬት ማዘጋጀት ጉባም ላይ ይቻላል፣ ላንጋኖም ላይ ይቻላል።

ንጋት ባህር አይደለም

ወደ እኛ ሐይቅ ስንመለስ ከባሃማስ የሚለይበት ብዙ ነገር አለ። የመጀመሪያው ዳርቻው ቋሚ አለመሆኑ ነው። ንጋት ሲሞላ የውሃው ወለል ከባህር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይቆማል። ኃይል እየመነጨ ውሃው ሲለቀቅ በብዙ ሜትር ይወርዳል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይመለሳል። በጥቅምት ወር ውሃ የነካው ዳርቻ በግንቦት ደረቅ ጭቃና ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ደሴት የሆነው ጉብታም ነገ ከየብስ ጋር ሊገናኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት «ባለፈው ዓመት እዚህ ጋ ዋኝተን ነበር» የሚለው ዋስትና አይሆንም። ውሃ በዋጠው መሬት ላይ የዛፍ ጉቶና ቋጥኝ ከሥር ተደብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ጥልቀቱን ሳያውቁ ከጀልባም ሆነ ከድንጋይ ላይ ዘሎ መግባት ለልጅም ለአዋቂም ክልክል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር የዓባይ በረሃ ባለቤቶች መኖራቸው ነው። በዓባይ ቆላ አዞም ጉማሬም አለ። ሰላም ያለ የሚመስል ጸጥ ያለ ዳርቻ ለእነሱም የተመቸ ነው። የአካባቢው ሰው «እዚህ አይገባም» ካለዎት ምክንያቱን ሳይጠይቁ ይመኑት።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። አሶሳ ከተማ ደጋ ባትሆንም አየሯ ይቻላል፤ ጉባ ግን ዝቅ ያለ ቆላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ውሃ መካከል ባለ ደሴት ላይ ደግሞ ጥላ ከሌለ መሸሻ የለም። ለቤተሰብ የሚሻለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ያኔም ቢሆን ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ልጆችን ከጥላ አያውጡ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ስስ ሙሉ እጅጌ ልብስና የሚጠጣ ንፁህ ውሃ ከምግብ ይቀድማል።

ውሃው ውስጥ የማይታየው

ብዙ ወላጆች ስለ አዞ ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ስለ ቀንድ አውጣ ግን አያስቡም። ብልሃርዝያ የሚተላለፈው በጣፋጭ ውሃ ዳር፣ ሣርና ቅጠል ባለበት ቦታ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። ከእነሱ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ትል በቆዳ ውስጥ ሰርጎ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በፎጣ ቶሎ መድረቅ አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ጣናና ሐዋሳ ላይም ይህ ስጋት አለ፤ ላንጋኖ በቤተሰብ ዘንድ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ከብልሃርዝያ ነፃ ነው በመባሉ ነው።

አዲስ የተፈጠረ የግድብ ሐይቅ ዳርቻ ለቀንድ አውጣም ለወባ ትንኝም የሚመች ሊሆን ይችላል። በቆቃ ግድብ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ለውሃው ቅርብ የሆኑ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ስለዚህ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲሄዱ አጎበር፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና ለማታ ረጅም ልብስ ይያዙ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለዎት ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብለው አይለፉት፤ ጤና ጣቢያ ሄደው የት እንደነበሩ ተናግረው ይመርመሩ። ሐይቁ ውስጥ ገብተው ከነበረም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተው የብልሃርዝያ ምርመራ ያድርጉ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በጊዜው ከተወሰደ በሽታው ይድናል።

ጀልባ ላይ ከመውጣትዎ በፊት

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ውሃው ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህ አራት አንዱ ገደማ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የሚሰጥም ልጅ እንደ ፊልም እጁን እያወዛወዘ አይጮህም። አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ድምፅ አያወጣም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ የትም ሐይቅ ላይ ቢሆን ጀልባ ሲቀርብልዎ፣ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ። ጀልባዋ የምትይዘው ስንት ሰው ነው? ለልጆች በልካቸው የሆነ ላይፍ ጃኬት አለ? ሞተሩ ቢጠፋ ማንን ትጠራላችሁ? ስልክ እዚያ ይሠራል? ማዕበል ሲነሳ በስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ? መልሱ «ምንም አይሆንም፣ አይዞዎት» ብቻ ከሆነ ይመለሱ።

ላይፍ ጃኬቱን ልጁ ላይ ካሰሩ በኋላ በትከሻው በኩል ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት። ጃኬቱ አገጩን ወይም ጆሮውን ካለፈ ትልቅ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣበታል። በአየር የሚነፋ ጎማና አሻንጉሊት መጫወቻ እንጂ ማዳኛ አይደለም። ከአዋቂዎቹ አንዱን ደግሞ በተራ ጠባቂ ያድርጉት። ተረኛው ስልክ አይነካም፣ ቡና አያፈላም፣ ወሬ አያወራም፤ በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ። ብዙ ሰው ባለበት «እገሌ እያየ ነው» የሚል ግምት ብዙ ሕፃናትን አሳጥቷል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ እጅ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን።

ደሴቱ የማን ነው?

ከባሃማስና ከአካባቢዋ ልንቀዳው የማይገባው ነገር አጥሩ ነው። በሰሜን ሄይቲ ላባዲ የሚባል ባህር ዳር አለ። ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ተከራይቶታል፤ ለመንግሥትም በተሳፋሪ ቁጥር ልክ ይከፍል ነበር። ቦታው ከአካባቢው በአጥር ተለይቷል። መርከቦቹ ሲመጡ ጥቂት የአገሬው ሰዎች በውስጡ የእጅ ሥራ ይሸጡ፣ ሌሎችም ተቀጥረው ይሠሩ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ግን የገዛ ባህሩን ከአጥር ወዲያ ሆኖ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ዋና ከተማዋን ፖርቶፕሪንስን የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷት ሳለ ቱሪስቶች በዚያው ሳምንት ላባዲ ላይ መዋኘታቸው በዓለም ዙሪያ ሰውን አከራክሯል። መርከቦቹ ምግብና ቁሳቁስ ይዘው ሄደው ነበር፤ የአጥሩ ነገር ግን ከብዙዎች አእምሮ አልወጣም።

ንጋት የቆመበት መሬትም ባዶ አልነበረም። ውሃው ከመሙላቱ በፊት የጉሙዝ ቤተሰቦች በዓባይ ዳር ማሽላ ያርሱ፣ አሳ ያጠምዱ፣ ወርቅ ያጥቡ ነበር። ለግድቡ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። እኛ የከተማ ሰዎች ቦንድ ገዝተናል፤ እነሱ ግን ቀያቸውን ሰጥተዋል። ነገ በደሴቶቹ ላይ ሎጅ ሲሠራ ጀልባ ነጂው፣ አሳ ጠባሹ፣ አስጎብኚውና የዋና ጠባቂው ከእነዚያው ቤተሰቦች ልጆች መካከል ቢሆን ተገቢ ነው። እርስዎም እንግዳ ሆነው ሲሄዱ መጠየቅ ይችላሉ፦ «እዚህ የሚሠሩት የአካባቢው ልጆች ናቸው? አሳው ከማን ነው የተገዛው?» ደንበኛ ደጋግሞ የጠየቀውን ባለሀብት መስማቱ አይቀርም።

ለልጆችዎም ይንገሯቸው። ከሥራችን ያለው ውሃ መብራት የሚሰጠን ነው፣ ከውሃው ሥር ደግሞ የሰው እርሻና የሰው መንደር ነበረ ብለው። ልጅ ይህን ሰምቶ ቀኑ አይበላሽበትም፤ የቦታው ክብር ይገባዋል። በእኛ አገር ደሴት ሲባል ድሮም ቀላል ቦታ አልነበረም። ጣና ላይ እነ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል የነገሥታትን ታሪክና የብራና መጻሕፍትን ጠብቀው ያቆዩ ናቸው። ሰው ወደ ደሴት የሚሄደው ጫማውን አውልቆ ነው።

ዘንድሮ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ግድቡ ጥበቃ ያለበት አገራዊ ሀብት ነው፤ ወደ አካባቢው የሚሄዱት በፈቃድ ነው። መተከል ባለፉት ዓመታት ግጭት ያየ ዞን ስለሆነ ከልጆች ጋር ከመነሳትዎ በፊት የወቅቱን ሁኔታና የተፈቀዱትን ቦታዎች ከክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያጣሩ። «ሄደን እናየዋለን» የሚባል ጉዞ አይደለም።

እስከዚያው አሶሳን ማየት ይቻላል። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውሮፕላን ግን ከቦሌ አጭር በረራ ነው። ማንጎዋ የታወቀ ነው፤ የቆላ ቀርከሃዋም እንዲሁ። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር መሆኗን ልጆችዎ ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ በገበያዋና በገበታዋ ቢያውቁት ይሻላል። የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ያስቀምሷቸው።

ሌላው ከቤትዎ ሳይርቁ የሚጀምሩት ነው። ልጅዎን ዋና ያስተምሩ። ሐይቅ የበዛበት አገር እያለን ብዙዎቻችን ዋና ሳንችል አድገናል። በአንድ ክረምት በከተማው መዋኛ ገንዳ የተማረ ልጅ ላንጋኖም፣ ጣናም፣ አንድ ቀን ንጋትም ላይ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል። እርስዎም አብረውት ይመዝገቡ፤ ጀልባዋ ላይ በተራ ጠባቂ የሚሆኑት እርስዎ ነዎትና።