ልብ ወለድ እያነበቡ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን መማር፦ ከጀርባው ያለው ሒሳብ

የመመረቂያ ጽሑፌ የምስጋና ገጽ ላይ አማካሪዬን «ኢንፋመስ» ብዬ ጠራኋቸው። በጣም ዝነኛ ማለት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ቃሏን በቀይ እስክሪብቶ ከበው «ለመሆኑ ምን በድዬህ ነው?» ብለው ከጎኗ ጻፉባት። ለካ ኢንፋመስ ማለት በክፉ ሥራው የታወቀ ማለት ኖሯል! ቃሏን ያገኘኋት አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ፣ ለሌባ ስትነገር ነው። «ዝነኛ ሌባ» ብዬ ተረዳሁት፤ ታሪኩ ሳይደናቀፍ ቀጠለ፤ ስህተቱም አብሮኝ ከረመ።

ታዲያ ልብ ወለድ እያነበቡ ቃላት መማር አይሠራም ማለት ነው? ኧረ በደንብ ይሠራል። ግን የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ይጠይቃል።

ሁሉም ቃል እኩል አይገኝም

በብራውን ዩኒቨርሲቲ የተሰናዳ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ከታተሙ ጽሑፎች የተውጣጣ 1 ሚሊዮን ገደማ ቃላት ያለው የእንግሊዝኛ ስብስብ አለ። በውስጡ አንደኛ የወጣው «ዘ» ብቻውን 7 በመቶ ገደማውን ይይዛል። ሁለተኛው «ኦቭ» ደግሞ የሱን ግማሽ ያህል ነው። ይህ አካሄድ በአሜሪካዊው ምሁር በጆርጅ ዚፍ ስም የዚፍ ሕግ ይባላል፤ የአንድ ቃል ድግግሞሽ በግምት የአንደኛው ቃል ድግግሞሽ ለደረጃው ሲካፈል የሚገኘው ነው።

እስቲ እናስላው። ደረጃው 5,000ኛ የሆነ ቃል፣ 7 በመቶ ለ5,000 ሲካፈል፣ በ70 ሺህ ቃላት ውስጥ አንዴ ገደማ ብቻ ይመጣል። የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» ጠቅላላ 30 ሺህ ገደማ ቃላት ነው ያለው። በዚህ ስሌት ያንን መጽሐፍ ሁለቴ አንብባችሁ ቃሉን ላታገኙት ትችላላችሁ። ከባድ ቃላት የማይለምዱን ሰነፎች ስለሆንን ብቻ አይደለም፤ ስለማንገናኝ ጭምር ነው።

ታዲያ ልብ ወለድ ለምን?

የዚፍ ሕግ የሚነግረን የብዙ ጽሑፎችን አማካይ ነው። አንድ ልብ ወለድ ግን አማካይ አይደለም፤ አንድ ደራሲ፣ አንድ መንደር፣ አንድ ጣጣ ነው። «አኒማል ፋርም» ውስጥ እንስሳቱ የንፋስ ወፍጮ ለመገንባት ስለሚለፉ፣ ሌላ ቦታ እምብዛም የማታገኙት «ዊንድሚል» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ሳታስቡት ይለምዳችኋል።

ይህን የፈተሸ አንድ ጥሩ ጥናት አለ። አንቶኒ በርጀስ በ1962 ያሳተመው «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» ውስጥ ወጣቶቹ የሚያወሩት አብዛኛው ከሩሲያኛ በተወሰደ የፈጠራ አራዳ ቋንቋ ነው። በ1978 ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት አዋቂዎች መጽሐፉን እንዲያነቡ አደረጉ፤ የቃላት ፈተና እንደሚኖር ግን አልነገሯቸውም። በኋላ በ90 ቃላት ሲፈተኑ በአማካይ 76 በመቶውን አወቁ። ሳይሸመድዱ፣ መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ! በብዛት የተደጋገሙት ቃላት ደግሞ ይበልጥ ተይዘዋል።

98 የምትባለው ቁጥር

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያ አንባቢዎች ከአራዳው ቋንቋ ውጪ ያለውን ቃል ሁሉ ያውቁት ነበር። የማይታወቅ ቃል ትርጉሙን የሚያሳየው በዙሪያው ያሉት ሲታወቁ ነው። የቃላት ትምህርት ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ያለ ረዳት አንብቦ በደንብ ለመረዳት ከገጹ ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ያስፈልጋል። 300 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ የማይታወቁት 6 መሆን አለባቸው ማለት ነው። 95 በመቶ ላይ 15 ይሆናሉ፤ 90 በመቶ ላይ 30፣ ያኔ ንባቡ ቀርቶ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ይሆናል።

ስለዚህ መጽሐፍ ስትመርጡ አንድ ገጽ ከፍታችሁ ቁጠሩ። 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጀምሩት። 20 ከሆነ ለጊዜው አስቀምጡት፤ ቀለል ያለ መጀመር አያሳፍርም። ዓለሙን የምታውቁት መጽሐፍም ይረዳል። ለምሳሌ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ የገጠር ኑሯችንን ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ ግማሽ መንገድ ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል።

እንዴት እናንብብ?

ባልታወቀ ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ፤ ታሪኩ ይበጣጠሳል። በእርሳስ አስምሩበት፣ ገምቱ፣ እለፉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን አረጋግጡ። ዐውድ ብዙ ጊዜ የሚነግረን የቃሉን አቅጣጫ ነው፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ ላይለይ ይችላል። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው።

ስታረጋግጡ ሥሩንም እዩ። በአማርኛ «ሰበረ»ን ያወቀ ሰው «ሰባሪ»፣ «ስብራት»፣ «ስባሪ» አይከብደውም። በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ቤኔ» በላቲን መልካም፣ «ማሌ» ክፉ መሆኑን ያወቀ «ቤኔቮለንት» በጎ አሳቢ፣ «ማሌቮለንት» ክፉ አሳቢ መሆኑን በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ያገኛል።

በመጨረሻ፣ መጽሐፉን በአንድ ሌሊት አትጨርሱት። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ የራሱን ትውስታ እየለካ፣ የተማርነው መጀመሪያ አካባቢ በፍጥነት እንደሚረሳና በጊዜ የተራራቀ ድግግሞሽ ግን እንደሚያቆየው አሳይቷል። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ማንበብ ይህን ያለ ድካም ያደርግላችኋል፤ ትናንት ያሰመራችሁበት ቃል ነገ ሌላ ገጽ ላይ ይጠብቃችኋል።

አማካሪዬን በተመለከተ፣ ቃሏን አርሜ ጽሑፉን መልሼ አስገባሁ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ስልክ ሲደውሉልኝ «ኢንፋመሱ ነኝ» ነው የሚሉት።