ስለ ልብ ምት መሣሪያዎች ስያሜና ስያሜው ስለሚያስከትለው ኀላፊነት

1. መነሻ

ለአንድ መሣሪያ ስም ማውጣት ብዙ ጊዜ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የጠረጴዛ ሥራ ተደርጎ ይታያል። መሣሪያው በሰው አካል ውስጥ የሚኖር ሲሆን ግን ስሙ የሕክምናው አንድ ክፍል ይሆናል፤ ሕመምተኛው ፈቃዱን የሚሰጠው ለሰማው ቃል ነውና። ይህ ጽሑፍ በደረት ውስጥ ለሚገቡ የልብ መሣሪያዎች የሚሰጡትን የአማርኛ ስያሜዎች ይመረምራል።

ለጥናቱ መነሻ የሆነኝ ከጋዝጊብላ ለሕክምና ስለ መጡ አንድ ሽማግሌ የተነገረኝ ነው። ባለሙያው «አባቴ፣ ልብዎን የሚቆጣጠር መሣሪያ ይገባልዎታል» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ልቤን ሌላ ከተቆጣጠረው እኔ ምኑ ላይ ልቀር ነው?» አሉት። ሽማግሌው ቋንቋውን በሚገባ ያውቃሉ። የተሳሳተው ስያሜው ነው።

2. ጽንሰ ሐሳቡ

የልብን ምት የሚያስነሣው በራሷ በልብ ውስጥ የሚመነጭ ደካማ የኤሌክትሪክ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲዘገይ ወይም መንገዱ ሲቋረጥ ሰውየው ይደክማል፣ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ከአንገት አጥንት በታች፣ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ከእርሱም በደም ሥር በኩል ቀጭን ሽቦ ወደ ልብ ይዘልቃል። መሣሪያው የልብን ምት ያዳምጣል፤ ምቱ በጊዜው ከመጣ ዝም ይላል፤ ከዘገየ ግን በራሱ ግፊት ይተካዋል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1958 በስዊድን አገር ነው። መሐንዲሱ ሩኔ ኤልምክቪስት ሠራው፣ ቀዶ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ ተከለው። የመጀመሪያው መሣሪያ የሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። ሕመምተኛው አርነ ላርሰን ግን 26 መሣሪያዎች እየተለዋወጡለት እስከ 2001 ድረስ በሕይወት ኖሯል።

ሁለተኛው ዓይነት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ በሰው ላይ የዋለው ነው። ይህም ልብ በድንገት ሥርዐት አጥታ ስትርገበገብ በብርቱ ንዝረት ወደ ትክክለኛ ምቷ ይመልሳል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ስሕተት ነው። ሁለተኛው አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ሊነዝር ይችላልና፣ ይህን ያልተነገረው ሰው በሚያርስበት ማሳ ላይ እንደ በቅሎ ርግጫ ያለ ምት ሲያገኘው ለድንጋጤ ይዳረጋል።

3. ስሙ

በአሁኑ ጊዜ ለመጀመሪያው መሣሪያ ሦስት ስያሜዎች ይሠራባቸዋል።

ሀ) «ፔስሜከር»። በባለሙያዎች መካከል የሚያግባባ ውሰት ነው፤ ለሕመምተኛው ግን ምንም አይነግረውም።

ለ) «የልብ ባትሪ»። ሕዝባዊና ግልጽ ነው። መሣሪያው ኀይል የሚጨርስ መሆኑንም ያስታውሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ አለበትና። ሆኖም ልብ ራሷ በባትሪ የምትሠራ ያስመስላል።

ሐ) «የልብ ምት መቆጣጠሪያ»። በጽሑፍ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። በንግግር ግን «ምት» የሚለው ቃል በቀላሉ ይወድቅና «ልብ መቆጣጠሪያ» ይቀራል። በአማርኛ ደግሞ ልብ የማስተዋል መቀመጫ ናት፤ «ልብ አለ» ስንል አስተዋለ፣ «ልብ ገዛ» ስንል በሰለ ማለታችን ነው። «ተቆጣጠረ» በበኩሉ ጦር ከተማ ሲይዝ የሚነገር ግሥ ነው። የሽማግሌው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የተሻለው «የልብ ምት ጠባቂ» ነው። «ጠበቀ» በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ መጠባበቅና ከጉዳት መከላከል። መሣሪያው የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ምቱን ይጠባበቃል፣ ካልመጣም ይደርሳል። ለሁለተኛው መሣሪያ «ነዝሮ መላሽ» ይስማማል፤ ጥቅሙንም ሕመሙንም በአንድነት ይናገራልና።

4. ግሡ

መሣሪያው ወደ አካል መግባቱን ለመግለጽ «መቅበር»፣ «መግጠም»ና «መትከል» ይቀርባሉ። «በቆዳ ሥር የሚቀበር» የሚለው በእርግዝና መከላከያ ምክንያት በገጠርም ይታወቃል፤ ሞትን ለሚፈራ የልብ ሕመምተኛ ግን «እንቀብርልዎታለን» ማለት አይገባም። «መግጠም» ከውጭ ለሚሆን ሰው ሠራሽ እግር ይስማማል። «መትከል» ሥር መያዝንና መቆየትን ስለሚያመለክት ተመራጭ ነው። ይሁንና የተተከለ ነገር ክትትል እንደሚሻ መነገር አለበት፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ሽቦው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ በመንገድ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ክትትሉ የጉዞውን ወጪና የመንገዱን ሁኔታ ይጨምራልና፣ ይህም ከጥቅሙ ጋር አብሮ ሊነገር ይገባል።

5. የሥነ ምግባሩ ጥያቄ በቃላት ውስጥ

በማይድን ሌላ በሽታ ለሞት የተቃረበ ሰው ነዝሮ መላሹ ሥራውን እንዲያቆምለት ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የልብ ምት ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር ባወጣው የጋራ መግለጫ፣ በሕመምተኛው ፈቃድ ይህን መፈጸም ሰውን እንደ መግደል እንደማይቆጠር አስታውቋል። በአማርኛ ግን ጉዳዩ ከግሡ ይጀምራል። «ማጥፋት» ቢባል «ሕይወት ማጥፋት» ይሰማል፤ «ማሳረፍ» ቢባል «አረፈ» ሞተ ማለት ነው። ቤተ ዘመድ ገና ሳይመክር ቃሉ ፈርዶ ይገኛል። ስለዚህ «ንዝረቱን ማቋረጥ» የሚለው ድርጊቱን ብቻ ስለሚያመለክት የተሻለ ነው።

ሌላው ጥያቄ ከሟች አካል ወጥቶ፣ ተመርምሮና ከጀርም ጸድቶ ለድሀ ሕመምተኛ ስለሚሰጥ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ከካናዳ የተመራ ጥናት እንዲህ ያለ መሣሪያ የተተከለላቸውን 1051 ሰዎች አዲስ ከተተከለላቸው 3153 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። በሁለት ዓመት ውስጥ የተመረዙት እንደ ቅደም ተከተላቸው 2.0ና 1.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ የጎላ ሆኖ አልተገኘም። ይህን መሣሪያ «አሮጌ» ማለት ከሰልባጅ ይቆጥረዋል፤ «የታደሰ» ማለት ደግሞ ምንጩን ይሸሽጋል። «ከሌላ ሰው የወጣ፣ ዳግም የተሰናዳ» ማለት ይረዝማል፤ ግን እውነቱን ነው።

6. ማጠቃለያ

በዋግ ኽምራ የሐኪሙ ቃል ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ኽምጣና ይሻገራል። በመጀመሪያው መሻገሪያ የተዛባው በሁለተኛው አይቃናም። ስለሆነም እነዚህ ስያሜዎች በመዝገበ ቃላት ከመጽደቃቸው በፊት ኽምጣና ተናጋሪዎች፣ አስታማሚዎችና ሕመምተኞች ቀርበው ሊሰሟቸው ይገባል። አንድ ስያሜ ተስማሚ ነው የሚባለው ከፍቺው ጋር ስለ ገጠመ ብቻ አይደለም፤ የሰማው ሰው ተረድቶ «እሺ» ወይም «አልፈልግም» ለማለት ሲችል ነው።