ያውቁ ኖሯል? ምኒልክ በለንደን የሹፈት ገጽ!

አፄ ምኒልክ ዓድዋ ላይ ድል ባደረጉ በዓመት ከአምስት ወራቸው ለንደን ገቡ! በሥዕል ነዋ! «ቫኒቲ ፌር» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1897 የሹፈት ሥዕላቸውን አወጣ። ከግርጌው የሰፈረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አቢሲኒያ»!

ሥዕሉ ላይ የፈረመው «ግሊክ» ነኝ ባይ ነው። ማን መሰልዎት? ካውንት ኤድዋርድ ግላይኸን፣ የእንግሊዝ ጦር የስለላ መኮንን! በዚያው ዓመት ከእንግሊዙ ሬኔል ሮድ የመልእክተኞች ቡድን ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱን በዓይኑ አይቷል። ቡድኑ ከምኒልክ ጋር ውል የተፈራረመው በሜይ 14 ነው፤ ሥዕሉ የወጣው ገና ሦስት ወር ሳይሞላ! ምን ዓይነት እንግዳ ነው?

ይባስ ብሎ ሰውዬው የንጉሣውያን ዘር ነው! አያቱ ፊዮዶራ የንግሥት ቪክቶሪያ የእናት ልጅ እኅት ናት!

የመጽሔቱ ዝነኛ ሠዓሊ ሌስሊ ዋርድስ? የብዕር ስሙ «ስፓይ»፣ ማለትም ሰላይ! ከ1,000 በላይ ታላላቅ ሰዎችን ሥሏል። ስሙን የያዘው እሱ፣ ሥራውን የሠራው ግሊክ!

ሥዕሎቹ መጀመሪያ በውኃ ቀለም ይሣላሉ፤ ከዚያ ወደ ድንጋይ ማተሚያ ይገለበጣሉ። ለየቀለሙ ለየብቻ ድንጋይ! ከ2,000 በላይ ሰዎች እንዲህ ታትመዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ወሎ ይምጡልኝ! ከደሴ በስተምዕራብ መቅደላ አለች። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እዚያ ሲሰዉ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ነበር? ቤንጃሚን ዲዝራኤሊ! ቫኒቲ ፌር በቀለም ያወጣው የመጀመሪያው የሹፈት ሥዕልስ የማን ነው? የራሱ የዲዝራኤሊ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1869!

መጽሔቱም የተወለደው መቅደላ ከወደቀች ከሰባት ወር በኋላ ነው!

መቅደላ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር «ሎርድ ናፒየር ዘመቅደላ» ተባለ። የወሎ አምባ ስም በእንግሊዝ ማዕረግ ላይ! እሱም እ.ኤ.አ. በ1878 እዚያው መጽሔት ላይ ተሥሏል።

መቅደላን ለአሜሪካ ጋዜጣ የዘገበው ስታንሊም አልቀረለትም! እሱ ግን ተራው የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1872፣ አሳሹን ሊቪንግስተንን አገኘሁ ብሎ ከተመለሰ በኋላ ነው። መቅደላ ብቻዋን ለቫኒቲ ፌር አልበቃችውም ማለት ነው!