ባንኮኒ ጀርባ መቆም ለምታስቡ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ባርማን መሆን እፈልጋለሁ፣ ምን ይጠይቃል?» የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል። አብዛኞቹ ቲክቶክ ላይ ጠርሙስ እያሽከረከረ ሼከር አየር ላይ የሚቀልብ ሰው አይተው ልባቸው የተነሳ ናቸው። ክፋት የለውም፣ እሱም ችሎታ ነው። ግን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ተራ ባር ገብታችሁ ከባንኮኒው የሚወጣውን ተመልከቱ፦ ቢራ፣ ድራፍት፣ ጅን በቶኒክ፣ ውስኪ በአምቦ፣ አንዳንዴ ወይን በኮካ። (ወይን በኮካ ሲታዘዝ ፊቱን የሚያጨማድድ ባርማን አጋጥሞኛል። ምን አገባው? የሚጠጣውም የሚከፍለውም ሰውዬው ነው።) ጠርሙስ ማሽከርከሩ ቢቆይ ይደርሳል። ሥራው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ስልጠና ላይ የደንበኛውን ምርጫ በቃላችሁ ያዙ ይባላል። እውነት ነው። ሰው ገና ወንበር ሳይስብ «የተለመደው ይሁን?» ሲባል ደስ ይለዋል። ስልጠና ላይ የማይነገረው መቼ እንደማያውቁ መሆን እንዳለባችሁ ነው። ማክሰኞ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ደብል ውስኪ ሲደጋግም ያመሸው ሰውዬ፣ እሁድ ከሰዓት ከባለቤቱና ከአማቱ ጋር ይመጣል። አማትየው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እየተቀመጡ ሳለ ባርማኑ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ እንደ ማክሰኞው ላድርግልዎት?» ካለ አለቀ፣ ያንን ደንበኛ ዳግም አያየውም። ጎበዙ ልጅ «እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልታዘዝ?» ብሎ መጀመሪያ እናትየውን ያያል። ሰውዬው አምቦ ውሃ ያዛል። ልጁም አምቦውን ከሎሚ ጋር አቅርቦ፣ ሰውዬውን ዛሬ ገና እንዳወቀው ሆኖ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሰውዬው ሲመጣ ጉርሻው ወፈር ይላል፣ የእሁዱን ነገር ግን አንዳቸውም አያነሱትም። ስልክ ተደውሎ «እከሌ እናንተ ጋ አለ እንዴ?» ሲባልም ያው ነው። «አለ»ም «የለም»ም አይባልም፤ «ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ በራሱ ስልክ ቢሞክሩት ይሻላል» ብሎ ማለፍ ነው።

ሌላው ፈተና ሂሳብ ነው። ሁለት ወዳጆች ብር ይዘው «በሞቴ!» «እኔ ልሙት፣ ዛሬ የኔ ናት!» እያሉ ባንኮኒው ላይ ሲታገሉ ያላየ የለም። የማንን ትቀበላላችሁ? ለዚህ መልሱ ግርግሩ ከመጀመሩ በፊት ነው ያለው። ለሽንት ቤት የተነሳ መስሎ ጠጋ ብሎ «ሂሳቡ ወደኔ» ያላችሁ ሰው ካለ የሱ ነው፣ ሌላው ቢጮህም። እንዲያ ያለ ከሌለ፣ መጀመሪያ «ድገመን» ብሎ ያዘዘው ጋባዥ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሞቅ ካለው ከእሱ አትቀበሉ፤ ነገ ኪሱን ሲያይ ቤቱን ነው የሚጠረጥረው። ከወዲያ ጥግ «እነዚያን ልጆች በኔ ድገማቸው» የሚል ሲመጣም፣ ቢራውን ከፍቶ ጠረጴዛቸው ላይ ከማኖር በፊት ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። ግብዣ የማይፈልግ ሰው አለ፣ በተለይ ሴቶቹ። የተከፈተ ቢራ ደግሞ አይመለስም።

እጃችሁን ከመለኪያ ጋር አስማሙት። 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ30 ሲቀዳ 25 ሲንግል ይወጣዋል። በእያንዳንዱ ላይ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ካፈሰሳችሁ 21 ላይ ያልቃል። አራት ሲንግል ጠፋ ማለት ነው፣ ማታ ቆጠራ ላይ ጎደሎው በስማችሁ ይጻፋል። በዓይን ግምት የሚቀዳ አንጋፋ ባርማን አያታልላችሁ፣ እሱም መጀመሪያ በመለኪያ ነው የተማረው። አሳንሶ መቅዳት ደግሞ ይብሳል። የጅን ጠጪ ምላሱ ከመለኪያችሁ በላይ ያውቃል፤ ምንም ሳይናገር ቀስ ብሎ ቤት ይቀይራል።

ድራፍት ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ቤት የሚዋረደው በእሱ ነው። «ድራፍቱ ሞቷል» ሲባል ሁሉም በርሜሉንና ጋዙን ይወነጅላል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ብርጭቆው ነው። የጥብስ ሳህን በታጠበበት ውሃ ጃምቦ ካጠባችሁ፣ ዓይን የማያየው ቅባት አረፋውን ወዲያው ይገድለዋል። ብርጭቆው ለብቻው ይታጠብ፣ በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፣ ከዚያ ወደ ቧንቧው 45 ዲግሪ ገደማ ይጋደል። ቧንቧውን በፍርሃት ግማሽ አትክፈቱት፣ አረፋ ብቻ ነው የሚተፋው። በአንዴ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ብርጭቆው ከግማሽ ሲያልፍ ቀና አድርጉት፣ ሁለት ጣት አረፋ ይቀመጥበት። የቧንቧው አፍ ቢራው ውስጥ አይነከር። ይሄን ሳምንት ብትለማመዱት እጃችሁ ይለምደዋል።

አሁን ዋናው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ቤቱ ውስጥ ያልጠጣችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ፣ ስለዚህ የሁሉንም ልክ የምታውቁትም እናንተ ናችሁ። «ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ደንበኛ አለ፣ ቢራ መጠጥ ያልሆነ ይመስል። ሂሳቡን እዩት፦ 33 ሳንቲ ሊትር ቢራ 5 በመቶ አልኮል ካለው 16 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹህ አልኮል ይዟል። 30 ሚሊ ሊትር ጅን በ40 በመቶ 12 ነው። አንዱ ቢራ ከአንዱ ሲንግል ይበልጣል ማለት ነው። ጉበት የሚሠራው በራሱ ፍጥነት ስለሆነ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ መርጨት አያፈጥነውም። ቡና የሰጣችሁት ሰካራም፣ የነቃ ሰካራም ነው የሚሆነው።

«በቃዎት» የሚለው ቃል ግን ጠብ ይጭራል። እኔ ያየሁት የሚሠራው ማዘግየት ነው። ዓይኑን ስትሸሹት ሳይሆን ሌላ ትዕዛዝ ላይ ስትጠመዱ ይጠብቃል። ሳያዝ ውሃ ታቀርባላችሁ። ወጥ ቤቱ ካልተዘጋ «ጋሼ፣ ትኩስ ቅቅል አለ፣ ላስመጣልዎት?» ትላላችሁ። ከጓደኞቹ የሚሰማውን ለይታችሁ በጆሮው ትነግሩታላችሁ፤ ከጓደኛ አፍ ሲመጣ ምክር ነው፣ ከእናንተ አፍ ሲመጣ ግን ስድብ ይመስለዋል። ቁልፉን እያሽከረከረ ሲወጣ ደግሞ ራይድ እንጥራልዎት ከማለት «መኪናው እዚሁ ይደር፣ ጥበቃው ያድርልዎታል» ማለት ይቀላል። ሰው የሚጨነቀው ለመኪናው ነው።

ዕድሜ ላይ ግን ድርድር የለም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ሱፍ የለበሰ የምርቃት ተማሪ ቢሆንም መታወቂያ ጠይቁ።

ሴቶቹ ጠያቂዎች «ደንበኛ ሲያስቸግር እንዴት እናድርግ?» ብላችኋል። ሳቅ ብሎ ማለፍ የሚል ምክር አልሰጥም፣ ሲሰጥም ደክሞኛል። ባንኮኒው ሰፊ ነው፣ ከማዶ እጁን የዘረጋ ሰው ሳያውቅ አይደለም የዘረጋው። ይሄ የባርሌዲዋ ችሎታ የሚለካበት ነገር አይደለም፣ የባለቤቱ ሥራ ነው። ያንን ደንበኛ የማያስወጣ ቤት ሌላው ደመወዙ ቢያምርም ይቅርባችሁ።

ቅጥር ስትሄዱ ደመወዙ ትንሽ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ ቤት ኑሮው ያለው ቲፕ ላይ ነው። ስለዚህ ቲፑ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ወጥ ቤቱና ካሸሩ ይካፈሉ እንደሆነ ጠይቁ። የተሰበረ ብርጭቆና የቆጠራ ጎደሎ በማን ላይ እንደሚወድቅም ጠይቁ። ፈረቃ ስትረከቡ የተከፈቱትን ጠርሙሶች ከሚወጣው ልጅ ጋር አብራችሁ ለኩና ሁለታችሁም ፈርሙ። «ኧረ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ምን ፊርማ ያስፈልጋል» ያለ ኃላፊ ካጋጠማችሁ፣ የዚያን ቀን ሁለቴ ለኩ።