ሁሉ በነጻ በሆነበት ገበያ 40 ዶላር

የሶኒ የተኩስ ጌም «ኮንኮርድ» ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ገበያ ላይ ዋለ፤ ጳጉሜን 1 ቀን ተዘጋ። ሁለት ሳምንት መሆኑ ነው። ለገዙት ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ ጌሙን የሠራው ፋየርዎክ ስቱዲዮም እንደሚዘጋ ጥቅምት ላይ ተነገረ።

ጌሙ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ዓምድ ባልበቃ ነበር። ተኩሱ ጥሩ መሆኑን ሐያስያኑም መስክረውለታል። የጎደለው ከሌሎቹ የሚለየው ነገር ነው። ቡድን ሠርቶ፣ የየራሱ ችሎታ ያለው ገጸ ባሕርይ መርጦ መታኮስን «ኦቨርዎች» ከኮንኮርድ ስምንት ዓመት ቀድሞ አስለምዶታል። ኮንኮርድ ሲወጣ «ኦቨርዎች 2»ም ሆነ «ቫሎራንት» እና «ኤፔክስ ሌጀንድስ» በነጻ ይገኙ ነበር። ኮንኮርድ 40 ዶላር ጠየቀ።

ብዙዎች በዋጋው አሳበቡ። ሶኒ ግን በዚያው ዓመት «ሄልዳይቨርስ 2»ን በዚያው 40 ዶላር አቅርቦ፣ በ12 ሳምንት 12 ሚሊዮን ቅጂ ሸጧል። እሱን ለመጫወት አራት ጓደኛሞች ይበቃሉ፤ ጠላታቸው ኮምፒውተሩ ነው። የኮንኮርድ ተጫዋች ግን ዘጠኝ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፣ ያውም በችሎታ የሚመጥነው።

ስለዚህ ከ40 ዶላሩ የሚከብደው ተጫዋቹ ጥሎት የሚመጣው ነገር ነው፦ ለዓመታት የለፋበት ደረጃ፣ ለገጸ ባሕርያቱ የገዛው አልባሳት፣ ከሁሉም በላይ ጓደኞቹ። ብቻውን ጆተኒ የሚጫወት ሰው የለም። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ በኩል ኮንኮርድን በአንድ ጊዜ የተጫወቱት፣ በበዙበት ሰዓት እንኳ፣ 700 አልሞሉም። ሰው ሲያንስ ተጋጣሚ ጥበቃው ይረዝማል፤ ጥበቃው ሲረዝም የነበረውም ይሄዳል።

በሌላው ንግድ መካከለኛ ዕቃ መካከለኛ ገቢ አያጣም፤ ዋጋውን ቀንሶ ይሰነብታል። እዚህ ተፎካካሪው አስቀድሞ ዜሮ ላይ ቆሟል፤ ከዜሮ በታች የት ይወረዳል? ሶኒ ቶሎ መዝጋቱን እንደ ሽንፈት የቆጠሩት አሉ፤ በእኔ እምነት ከውሳኔዎቹ ሁሉ ትክክለኛው ይኸኛው ነበር። ለዓመታት የፈሰሰው ገንዘብ ቢዘጋም ባይዘጋም አይመለስም። ሊታሰብ የሚገባው የሚቀጥለው ወር ወጪ ብቻ ነው።

ገበያው ሞልቷል ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በነጻ የወጣው «ማርቭል ራይቫልስ» በዚሁ ዘርፍ በሦስት ቀን 10 ሚሊዮን ተጫዋች አግኝቷል። እሱ የመጣው ስፓይደርማንንና አይረንማንን ይዞ ነው፤ ኮንኮርድ ደግሞ ማንም የማያውቃቸውን 16 ገጸ ባሕርያት።