የወዳጆችን ስም በራስ መዝገብ ስለ መያዝ

ባልትና አሰናድቶ የሚሸጥ፥ ጥልፍ ጠልፎ የሚያቀርብ፥ ድርሰት ጽፎ ወይም ዜማ አውጥቶ የሚያሰማ ሁሉ፥ ሥራው ምንም ያማረ ቢሆን ገዢና ሰሚ ካላገኘ ድካሙ ከንቱ ነው። በዛሬው ዘመን ብዙው ሰው ይህን ሰሚ የሚፈልገው በፌስቡክ፥ በቲክቶክና በዩቲዩብ ነው። መንገዱ ቀላል፥ መግቢያውም ያለ ዋጋ ስለ ሆነ ነገሩ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን «ሃምሳ ሺህ ተከታይ አለኝ» የሚለው ሰው፥ ከነዚያ መካከል የስንቱን ስምና አድራሻ ታውቃለህ ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም። መዝገቡ ያለው በባለ ድርጅቱ እጅ ነውና።

በሰው መዝገብ መኖር ምን ያህል እንደሚያሠጋ ባለፉት ዓመታት ታይቷል። ቫይን የተባለው የስድስት ሴኮንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳያ በ2013 (የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ተከፍቶ ብዙ ወጣቶችን ካስጠራ በኋላ፥ ባለቤቱ ትዊተር በ2017 መጀመሪያ ዘጋው። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተከለከሉበት ጊዜ፥ ገበያውን ሁሉ በዚያ ላይ ያቆመ ቤተ ሰብ ከደንበኞቹ ጋር የሚገናኝበት በር ጠቦበት ነበር።

እነዚህ መገናኛዎች ከመፈጠራቸው አስቀድሞ ግን፥ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ሰሚዎቹን በገዛ መዝገቡ ይዞ የኖረ አንድ የሙዚቃ ጓድ ነበረ። ግሬትፉል ዴድ ይባላል፤ ትርጓሜውም «አመስጋኙ ሙት» ማለት ነው። ስሙ ለጆሮ ቢከብድም ሥራው ለነጋዴም ለደራሲም ትምህርት ይሆናል። እነዚህ ሰዎች በ1971 ባወጡት ሸክላ መሸፈኛ ውስጥ፥ ወዳጆቻቸው ስማቸውን ከነአድራሻቸው ጽፈው ቢልኩላቸው ወሬያቸውን ሊያስታውቋቸው ቃል የሚገባ አጭር ማስታወቂያ አሳተሙ። ደብዳቤው ከየአገሩ ይጐርፍ ጀመር። ከደብዳቤዎቹም ስም እየለቀሙ መዝገብ አበጁ፤ በመዝገቡ ለሰፈሩትም ሁሉ ጋዜጣ መሰል ወረቀት በፖስታ ይልኩላቸው ነበር። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የዘፈኑ ቀንና ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ድምፅ ማጉያ መሣሪያቸው ክብደትና ስለ ጓዱ ወጪ፥ ገንዘቡም ወዴት ወዴት እንደሚሄድ በሥዕል ጭምር ይገልጡ ነበር። ሰው የቤቱን ጕዳይ ላካፈለው ወዳጅ ልቡ ይቀርባልና፥ ይህ ከማስታወቂያው ይልቅ የሚደነቅ ብልኀት ይመስለናል።

ፍሬው ጐልቶ የታየው በ1983 ነው። በዚያ ዓመት የራሳቸውን የቲኬት ጽሕፈት ቤት አቋቁመው፥ ከቲኬቱ ከፊሉን በፖስታ ለወዳጆቻቸው በቀጥታ ይሸጡ ጀመር። መቼና የት እንደሚጫወቱ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ይናገራል፤ ወዳጁም ክፍያውን በፖስታ አሽጎ ይልካል። ብዙዎቹ ፖስታውን በልዩ ልዩ ሥዕልና ቀለም አስጊጠው ይልኩት ስለ ነበር፥ ከነዚያ ፖስታዎች ዛሬ በሳንታ ክሩዝ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ተጠብቀው የሚታዩ አሉ። ይህም ሁሉ ሲሆን ጓዱ በ1965 ተመሥርቶ እስከ 1987 ድረስ፥ በአሜሪካ ከተወደዱት ከመጀመሪያዎቹ 10 ዘፈኖች ተራ የገባለት አንድም ዘፈን አልነበረውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያኖረው የሬድዮ ሞገስ ሳይሆን ደጋግሞ የሚመጣው ወዳጁ ነው።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የዕድር መዝገብ የአባላቱ ገንዘብ ነው፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜም ለፋፊው ጥሩምባውን እየነፋ በመንደሩ ዞሮ ያስታውቃል። ዛሬ በብዙ ስፍራ መልእክቱ በስልክ ቢተላለፍም፥ አባሉ ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው የዕድሩ ጸሓፊ ነው እንጂ የስልኩ ኩባንያ አይደለም።

እንግዲህ በርበሬና ሽሮ እያሰናዳች ቤቷን የምታስተዳድር እመቤት ሥዕሉን በፌስቡክ ማሳየቷን ሳትተው፥ ዕቃ ለወሰደው ሁሉ ፈቃዱን ጠይቃ ስሙን፥ ስልኩን፥ ሰፈሩንና የወሰደውን ዐይነት በደብተር ብትጽፍ ይበጃታል። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፥ ባለፈው ዓመት ሽሮ ለወሰዱት ብቻ ብትደውል ጥሪዋ እንደ ልመና አይቈጠርባትም። ደራሲ ለሆነ ሰው ደግሞ ኢሜይል ይሻለዋል፤ መላኪያ ድርጅቱን ቢለውጥ እንኳ የአንባቢዎቹን አድራሻ ይዞ ይሄዳልና። ይሁን እንጂ የሚሸጥ ነገር በተገኘ ጊዜ ብቻ የሚጽፍ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ በመካከሉ የበርበሬውን አያያዝ ወይም የመጽሐፉን አጀማመር የሚያወጋ ደብዳቤ መላክ ያስፈልጋል።

ደብተሩንም በሁለት ቅጂ መያዝ ይገባል። ሁለተኛውን ቅጂ በስልክ ውስጥ ሳይሆን በሣጥን ውስጥ ማኖር ነው፤ ስልክ ይሰረቃልና።