«መዳን» እና «ሕማም»፦ ስለ መከራና ድኅነት በሚነገርበት የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ የቃላት ድርሻ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መከራንና ድኅነትን የሚያያይዙት ቃላት አንባቢውን ወዴት እንደሚመሩት ማሳየት ነው። እንደሚታወቀው በአማርኛ በሽተኛው «ዳነ» ይባላል፤ ኃጢአተኛውም «ዳነ» ይባላል። አንኮበር ላይ መድኃኔ ዓለም የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ መድኃኒት ቤት ደግሞ መድኃኒት የሚሸጥበት ቤት ነው። ሁለቱም ስሞች ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው።

በግእዝ «ድኅነ» ከጥፋት መትረፍን ያመለክታል። «መድኀኒት»ም በመዝሙረ ዳዊት ደጋግሞ የሚገኘው በማዳን ትርጉሙ ነው። ለበሽታ መሻር ግእዝ «ፈወሰ» እና «ሐይወ» የሚሉ ግሦችም አሉት። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን «መድኃኒት» በመጀመሪያ የሚያሳስበው የሚጠጣውንና የሚቀባውን ነው። የ«ሕማም» ጉዞ ከዚህ የተለየ ነው። በግእዝ ቃሉ በሽታንም ሥቃይንም ሲይዝ፣ አማርኛ ለሁለት ከፍሎታል፤ «ሕመም» የማንኛውም ሰው ነው፣ «ሕማም» ግን በተለይ የክርስቶስ ነው። ሰሙነ ሕማማትን «የሕመም ሳምንት» የሚል ሰው አይገኝም።

የቃሉ ሁለት ፊት በአንኮበር ታሪክም ይታያል። በ1831 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1839) ክራፍና ኢዘንበርግ የተባሉት ሚስዮናውያን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ላይ በታተመው የዕለት ማስታወሻቸው መጻሕፍት ማደላቸውና መድኃኒት የሚጠይቋቸው ሰዎች መምጣታቸው ጎን ለጎን ተመዝግቧል። እንግዶቹ ስለ ነፍስ መድኃኒት ሊናገሩ ሲመጡ፣ ብዙው ጠያቂ የፈለገው የሥጋን ነበር። ለሁለቱም ፍላጎት አማርኛ ያቀረበው ቃል አንድ ነው።

ይህ አንድነት ከቋንቋው ብቻ የመጣ አይደለም፤ በመጽሐፉም ውስጥ መሠረት አለው። ኢሳይያስ 53፥4 ስለ መከራ ተቀባዩ አገልጋይ ሲናገር በዕብራይስጡ የተሸከመው የእኛን ደዌ ነው፤ የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ግን በዚሁ ቦታ «ኃጢአት» ይላል። ማቴዎስ (8፥17) ጥቅሱን ለሕሙማን መፈወስ ሲያውለው፣ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ (2፥24) የዚያኑ ምዕራፍ ሐሳብ ከመስቀልና ከኃጢአት ስርየት ጋር ያያይዘዋል። በግሪክኛም ቢሆን «ሶዞ» የሚለው ግሥ ማዳንንና መፈወስን አጣምሮ ይይዛል።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በሉቃስ 17፥11-19 ዐሥር ለምጻሞች ሲነጹ፣ እምነቱ እንዳዳነው የተነገረው ተመልሶ ላመሰገነው ለአንዱ ብቻ ነው። የ1954 ዓ.ም. ትርጉም እዚህ ላይ መንጻትን፣ መፈወስንና መዳንን በሦስት ግሦች ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ጳውሎስ ደግሞ (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥7-9) የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም፤ የተሰጠው መልስ ጸጋው እንደሚበቃው ነው። በአንደኛው ታሪክ ዘጠኙ ተፈውሰዋል፣ ስለ መዳናቸው ግን የተነገረ ቃል የለም፤ በሌላው ደግሞ ድኅነት አለ፣ ፈውስ ግን የለም።

አንባቢ ይህን ልዩነት ሲዘነጋው መከራን ሁሉ በሐኪም ዓይን ማየት ይጀምራል፤ ለሕመሙ ምክንያት፣ ለምክንያቱም ማርከሻ ይፈልጋል። የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኢዮብ (13፥4) የማይረቡ ሐኪሞች ይላቸዋል። በመጨረሻም (42፥7) እግዚአብሔር የተቆጣው በተከራከረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን መከራውን በኃጢአት በተረጎሙት በወዳጆቹ ላይ ነው። በዮሐንስ 9፥2-3 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ኃጢአት ያነሡት ጥያቄም በዚሁ መንገድ ተቀባይነት አላገኘም።

ነገሩ ከትርጓሜ ክፍል ውጭም ክብደት አለው። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው «ለድኅነትህ ነው» ማለት ማጽናኛ ሊመስል ይችላል፤ መጽሐፈ ኢዮብ ግን ይህን ዐይነቱን ቃል ከሚመረምራቸው ንግግሮች መካከል ያስቀምጠዋል። መከራ የደረሰበት ባለታሪክ በመጨረሻ «ዳነ» በሚባልበት ልብ ወለድ ላይ የሚሠራ ሐያሲም በቅድሚያ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ባለታሪኩ ተፈወሰ፣ ከአደጋ ተረፈ ወይስ ከኃጢአቱ ነጻ? የሚለው ነው።

ስለ ፊደል አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ሐሳብ ተግባራዊ ቢሆን፣ «ድኅነት» (መዳን) እና «ድህነት» (ማጣት) በጽሑፍም አንድ ይሆናሉ። ዐውደ ንባቡ አብዛኛውን ጊዜ ይለያቸው ይሆናል። ስለ ድኾችና ስለ መዳን በአንድ ገጽ በሚናገር መጽሐፍ ላይ ግን ልዩነቱን ለአንባቢው ግምት ከመተው «ኅ»ን በቦታዋ ማቆየት ይሻላል።